የኋላ መስታወት

ዊኒፔግ ነው። ጥር ሲገባ ብርዱ ጥርስ ያወጣል፣
ከአፍህ የሸኘኸው ትንፋሽ ጺምህ ላይ በረዶ ሆኖ ይመጣል።
አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቴ በዚህ መስመር፣
ከፊቴ መንገድ፣ ከላዬ መስታወት፣ ከኋላዬ ሰው የሚሉት ነገር።
ሰውን በመስታወት ነው የማውቀው፤ ግንባሩን፣ የኮፍያውን ጫፍ፣
ስልኩ ከታች ሲያበራው፣ ሰማያዊ ፊት፣ ዝም ያለ አፍ።

ከትምህርት ቤት የሚሳፈሩት ደግሞ አንገታቸው የጎበጠ፣
እንደ ተቀጣ ተማሪ፣ ዓይናቸው መዳፋቸው ውስጥ የሰመጠ።
«ጠፋ ይኼ ትውልድ» እላለሁ፣ ቀይ መብራት ሲያቆመኝ፣
ቀይ መብራት ነው መቼስ በሰው ልጅ ላይ ዳኛ አድርጎ የሾመኝ።

ሁለቱን ግን ለየኋቸው። ልጁ ከመሀል በር ጥግ፣
ጓንቱን አንድ ጣት ቆርጦታል፤ ያቺ ጣት ብቻዋን በርዷት ለስልኩ የምታደገድግ።
ልጅቷ ከፊቱ ባለው ወንበር፣ ጸጉሯ ግማሹ አረንጓዴ፣
ብቻዋን ትስቃለች አንዳንዴ።
ዓመት ሙሉ እንዲህ ናቸው፤ ጉልበቱ ከጀርባዋ አንድ ስንዝር፣
ቃል ግን የለም፤ ኬላው እንደተዘጋ የጎረቤት አገር፣ ድንበር ለድንበር።

ያን ዓርብ፣ ከፖርቴጅ ጎዳና ታጥፈን ጥቂት እንደሄድን፣
ነፋሱ በረዶውን አንሥቶ መንገዱን ከሰማይ ደባለቀብን፣
ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ዝም አለ። ቆምን።

ሬዲዮዬ «ጠብቅ» አለኝ፤ ሌላም ቃል አልጨመረ፣
የልጆቹም ኔትወርክ አብሮ ጠፋ። ያኔ ጭንቀቱ ጀመረ።
አሥራ አራት አንገት ቀና አለ፤ ሳይጠራ እንግዳ እንደመጣበት ቤት
ዓይን ከዓይን ተጋጨና መግቢያ አጣ በድንጋጤ ብዛት።
እኔ ዳኛው ደስ አለኝ፤ «አሁን ያወራሉ» ብዬ ጓጓሁ፣
ማንም አላወራም። ሩብ ሰዓት ሙሉ የጥርስ ግጭት ብቻ ሰማሁ።

ልጁ እጁን እያሸ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለብርዱ ይመስላል፣
ጮክ ብሎ አንዲት ነገር ጣለ፦ «ግንቡ ይቅደም! ሾርባው ይደርሳል።»

የልጅቷ ጀርባ ደነገጠ። ቀስ ብላ ዞረች፣ እንደ ከባድ በር፣
«ምን አልክ?» አለች። ደገመላት። ድምፁ አሁን ይንቀጠቀጥ ነበር።
«አንተ ነህ እንዴ?» ብላ ጠራችው፣ የሰው ስም ባልሆነ ስም፣
እሱም እሷን በሌላ፤ ወፍና ቁጥር የተደባለቀበት፣ እኔ አልያዝኩትም።

ለካ ሁለት ዓመት ሌት ሌት፣ በየክፍላቸው ጨለማ፣
አብረው ሲጠብቁ ኖረዋል በዓለም ላይ የሌለች ከተማ።
ጆሮዬ ከሾፌር ወንበር ሆኖ እንደቃረመው ከሆነ፣ አባቱ የሞተ ለት
እስኪነጋ ሳትተኛ ያዋራችው እሷ ናት፤
ይቺው፣ ዓመት ሙሉ በአውቶቡሴ የጀርባ ቦርሳዋን ብቻ የሚያውቅላት።

«ጆማር እባላለሁ።» «ሼልቢ።» ጓንት አውልቀው ተጨባበጡ፣
እንደ ሁለት ሽማግሌ፤ በኀፍረት እየቀለጡ።
ከዚያ ጎታች መኪና መጣ። ኔትወርኩም መጣ።

ሰኞ ተሳፈሩ። ዓይኔ ከመንገዱ ሸሸ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
ጎን ለጎን ይቀመጣሉ ብዬ፤ የሠርግ ሽማግሌ የሆንኩ መሰለኝ።
እሱ ከበሩ ጥግ። እሷ ከፊቱ። እንደ ዱሮው፣ አንገት ደፍተው፣
ያንኑ የፈረደበትን ስልክ ከፍተው።

ልፈርድ ስል ሳቀች። የሱም ትከሻ ከኋላዋ ተንቀጠቀጠ፤
ያው አንድ ሳቅ ነው፣ አንድ ስንዝር ለመሻገር ሰማይ ለሰማይ የሮጠ።

ምን ልበለው? ወዳጅነት? ፍርሃት? ቃሉን ብፈልግ አጣሁት።
እኔስ ብሆን፣ ዘጠኝ ዓመት ሰው በመስታወት የማውቅ፣
መቼ ነው ዞሬ ፊቱን አይቼ የአንዱን ስም ስጠይቅ?

አረንጓዴ በራ። ከኋላዬ አንዱ ጡሩምባውን ነፋ፤
ቀዩ ጠፋ፣ ሹመቴም አብሮት ጠፋ።